መቂ ላይ ያነበብኩት ቻይንኛ

እሁድ፣ የካቲት 2፤ አመሻሽ

ከመቂ ተመለስኩ። ጫማዬ አፈር፣ ፀጉሬ አፈር። እግሬን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ ነው የምጽፍልሽ፣ ደብተሬ፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ።

የታላቅ እህቴ የእትዬ አስቴር ሕፃን ቤ/ክ ተባረከ። የሕፃኑ ለቅሶ ከመዘምራኑ በለጠ። ከዚያ ቤት፣ ምሳ፣ ዘመድ፣ ጎረቤት። አብሮኝ የሄደው አባባ እንደ ልማዱ። እንግዳ በገባ ቁጥር ያቺ ልጄ ቻይንኛ ትናገራለች፣ ታነባለች፣ ፋብሪካው ያለ እሷ አይንቀሳቀስም። ጡረታ የወጣ መምህር ሲኮራ ደወል ደውሎ የሚያስቆመው የለም። "ትናገራለች" እንኳ እውነት ነው። ስፌት መስመር ላይ ገብቼ ከቻይናዎቹ ጋር ስውል በጆሮዬ ለቃቀምኩት፣ አስተርጓሚ እስከ መሆን አደረሰኝ። "ታነባለች" የሚለውን ግን አንቺ ታውቂያለሽ። ወረቀት ሲሰጡኝ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በስልኬ ካሜራ ነው የምገላገለው።

ከምሳ በኋላ ገመቹ፣ የእትዬ ባል፣ ሁለት ጠርሙስ ይዞ መጣ። ቲማቲሙ ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ጀምሮታል። አንዱ ጠርሙስ የዚያ በሽታ መድኃኒት ነው፣ ሌላው ለቦዩ ዳር የገዛው ፀረ አረም። ሁለቱም ነጭ፣ ጽሑፋቸው ቻይንኛ ብቻ። ሻጩ ጋሽ ከድር የቱ ምን እንደሆነ ነግሮት ነበር፤ ጋሪ ላይ ሲንከባለሉ ተቀላቀሉበት። ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ አንቺ እያለሽ ምን ብዬ ሱቁ ድረስ እመላለሳለሁ አለኝ። ቤት ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ። አባባ መነጽሩን አስተካከለ፣ የሚያነበው እሱ ይመስል።

ስልኬን ማውጣት ነበረብኝ። አፈርኩ።

ሁለቱም ላይ ሦስት ሦስት ምልክት በትልቁ። የመጨረሻዋ አንድ ዓይነት ናት፤ መድኃኒት መሆን አለባት። መካከለኛዎቹ አናታቸው ላይ ሣር አላቸው፣ አግዳሚ እንጨት ላይ የቆሙ ሁለት ጭራሮዎች። ዘመዳሞች ናቸው፣ ተክል ነው አልኩ። ቀረች የመጀመሪያዋ። የአንዱ ጠርሙስ፣ ፋብሪካችን ግምጃ ቤት በር ላይ በረሮ ከተሳለበት ማስጠንቀቂያ ላይ ያለችው ናት፤ መግደል። የሌላው፣ ጨርቅ መቁረጫው ክፍል አቧራ መምጠጫው ማሽን ላይ ያለችው፣ ከግራዋ ባንዲራ የሚመስል ነገር የተንጠለጠለባት፤ ማጽዳት። እንግዲህ ገዳዩ ለአረሙ፣ አጽጂው ለበሽታው። ጠቆምኩለት። ቤቱ ተደነቀ።

ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ያለ ስልክ፣ በገዛ ጭንቅላቴ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4፤ የምሳ ሰዓት

ምነው ዛሬ በቀረሁ። ትናንት ከሥራ ከወጣን በኋላ ግምጃ ቤቱን ወደ አዲሱ ሼድ አዙረውታል። ምልክቶቹ ተነቅለው ሌላ በር ላይ ተለጥፈዋል። የፎርክሊፍቱ ሹፌር የት ላራግፍ አለኝ። በግራ ሁለተኛው በር አልኩት፣ እንደ ወትሮው፣ ቀና ብዬ እንኳ በደንብ ሳላይ። ጥቅል ጨርቁን ኬሚካል ክፍል ሊዶለው ሲል ማዳም ሊን ደረሰች።

ማዳም ሊን የጥራት ኃላፊዋ ናት። አጭር፣ ፈጣን፣ ክር ሲተርፍ ከሩቅ የሚታያት። በሩ ላይ የተጻፈውን በጣቷ አሳየችኝ። ወደ ጫማዬ አየሁ። ቀጣዩን። ወደ ጫማዬ። ሦስተኛውን አላሳየችኝም፤ ፊቴን አየችና ገባት።

ሰው ፊት አንድ ቃል አልተናገረችም። ሹፌሩን ራሷ መራችው። ብትጮህብኝ ይቀለኝ ነበር። ላቤ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ ተሰማኝ፣ የአዳማ ሙቀት ነው እንዳልል ሼዱ ቀዝቃዛ ነው።

ለካ ስንት ጊዜ ሙሉ በሩን እንጂ ጽሑፉን አላነበብኩም። ምልክቷ ከቦታዋ ስትነሳ ትርጉሟም ይጠፋብኛል።

የመቂው ግን ሌላ ነው። እሱን አስቤ ነው ያነበብኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ማዳም ሊን የምሳ ሳህኗን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ስለ ማክሰኞው ምንም። ወረቀት አወጣችና አንድ ምልክት ጻፈች፣ ጻፊ አለችኝ። ድጋሚ። ድጋሚ። ሩዜ በረደ። አገሯ አያቷ ጋ የተወቻት አንደኛ ክፍል ልጅ አለቻት፤ እንዲህ ነው የምትማረው። መጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ ዓይን። ማዳም ሊን ራሷ ምልክት ሲጠፋባት መዳፏ ላይ በጣቷ ትሞክራለች፤ ጣቷ ያስታውሳታል።

እኛ ዘንድ አፍ ነው የሚቀድመው አልኳት። ሀ ሁ ሂ በዜማ። ዛሬም ፊደል ሳይ ምላሴ አፌ ውስጥ ትንቀሳቀሳለች። የእነሱ ምልክት ግን ለእኔ ድዳ ነው። ቃሉን በጆሮዬ አውቀዋለሁ፤ ምልክቷን በዓይኔ አውቃታለሁ፤ ሁለቱ ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ግቢ ተከራይተው ሰላም የማይባባሉ ጎረቤቶች ናቸው። ማዳም ሊን ሳቀች። በአንደኛ ክፍል ልጅ ቦታ ተቀምጬ ከሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ጋር አብሬ ሳቅሁ።

ሌላም አለ። ባለ ሣር አናቶቹ እንደ ለ ሉ ሊ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ብዬ አስረዳኋት፣ ሊቅ መስዬ። አይደለም። ሣሩ ከየት ሰፈር እንደመጡ ነው የሚናገረው፣ ሥራቸው ሌላ ሌላ ነው። ሻይም፣ አበባም፣ ሻጋታም፣ ሣር የምትለዋ ራሷም ያንኑ ሣር ይደፋሉ። ጻፍኳቸው። ሻጋታ ትንሽ አስቸገረችኝ፣ ግድግዳ የታጠረባት ናት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11፤ ከሰዓት

እትዬ ደወለች። መጀመሪያ ለቅሶ ብቻ። ሕፃኑ መስሎኝ ነበር።

ቲማቲሙ ነው። ቅጠሉ ተጠቅልሎ፣ ነጥቶ፣ ረግፎ። አበባው፣ ጥሬው ፍሬ፣ ሁሉም። የተከራዩት መሬት ሙሉው። የግብርና ባለሙያው መጥቶ አይቶታል፤ የረጫችሁት ፀረ አረም ነው ብሏል። ገመቹ ደግሞ፣ ኧረ ጠርሙሱ ላይ የበሽታ መድኃኒት ተብሎ ተጽፏል፣ የሚስቴ እህት በዓይኗ አንብባዋለች። ስለዚህ ከድር ነው መድኃኒት በተባለ ጠርሙስ መርዝ የሸጠልኝ። ሱቁ ሄዶ ሰው በተሰበሰበበት አጭበርባሪ ብሎታል። አንገት ለአንገት ሊያያዙ ሲሉ ገላገሏቸው።

እኔም አብሬ ተሳደብኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው አልኩ። የድሃ ልፋት አልኩ። ከእትዬ በላይ ጮህኩ፣ ደግ ሰው መስዬ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የጠርሙሶቹ ምልክቶች ትዝ አሉኝ። ላለማሰብ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ምልክቶቹን ካርድ ላይ ጽፌ፣ ጀርባቸው ላይ በአማርኛ ፍቺያቸውን። እየተመላለስኩ እላቸዋለሁ፤ አንድ አልሳትኩም። አባባ በረንዳው ላይ ሆኖ ሲሰማ ቆየና ካርዶቹን ተቀበለኝ። በወዛቸው።

ተያዝኩ። ግማሹ ጠፋብኝ።

አባባ ደስ አለው እንጂ አልገረመውም። ድሮ ደራ ከተማ ሲያስተምር ልጆቹ ሀሁን በዜማ ውኃ አድርገው ያወርዱለት ነበር። ተስፋ የተጣለበትን ልጅ ይጠራና፣ መሃሉን የቀደደውን ካርቶን ሰሌዳው ላይ ያሳርፋል፤ በቀዳዳው አንዲት ፊደል ብቻ፣ ግራ ቀኝ ጎረቤቶቿ ተሸፍነው። ልጁ ከሀ ተነስቶ በሹክሹክታ እየቆጠረ ካልመጣ አያውቃትም። ያን ጊዜ፣ ይላል አባባ፣ ገና ማስተማር እጀምራለሁ።

ከሰዓት ሙሉ ሲበውዝልኝ ዋለ። ባለ ባንዲራዋን ካርድ አላካተትኳትም። ማዳም ሊን ገና አላስተማረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ለምን እንዳልጠየቅሁ አትጠይቂኝ።

የሚያውቅ ሰውም ይከልሳል አለ አባባ፣ ለጎረቤታችን፣ በኩራት። አንገቴን ደፋሁ፤ እሱ ትሕትና መሰለው።

ረቡዕ፣ የካቲት 19፤ ጠዋት፣ ሰርቪስ ውስጥ

አንድ ነገር ሆነ፣ ሳልረሳው ልጻፈው። ፍራንኮ ሰፈር ሰርቪስ ስጠብቅ አንድ ቦቴ አለፈ፣ ጎኑ ላይ የቻይና ጽሑፍ። አላነበብኩትም፣ ዝም ብዬ ነው ያየሁት። ውኃ። ቃሉ አልመጣም፣ በቻይንኛም በአማርኛም። ድምፅ አልነበረውም። ውኃው ራሱ ነው የመጣው፣ ቀዝቃዛ፣ የሚፈስ። ድምፁ ከኋላ ደረሰበት፣ መኪናው ከታጠፈ በኋላ።

በርም የለ፣ ተራም የለ፣ አባባም የለ። ጭንቅላቴ ውስጥ የሆነ ቦታ ሁለቱ ጎረቤቶች ሰላም ተባባሉ። ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የቆመች ልጅ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች።

ዓርብ፣ የካቲት 21

የምሳ ሰዓት። ማዳም ሊን የዛሬዋን ምልክት ወረቀት አጥታ መዳፌ ላይ በጣቷ ጻፈቻት። ከግራ ባንዲራ። አውቃታለሁ፣ ማጽዳት ናት አልኩ፣ የአቧራው ማሽን ላይ ያለችው። አይ አለች። ማስወገድ ናት። ነቅሎ ማውጣት፣ መጣል። ከኋላዋ የምትከተለዋ ናት የምትወገደው። ማሽኑ ላይ አቧራ ትከተላለች፣ ስለዚህ አቧራው ይወገዳል።

እሺ አልኩ። ሻዬን ጠጣሁ። ሌላ ነገር አወራን፣ ስለ ልጇ ጥርስ መሰለኝ። ጣቴ ግን ጠረጴዛው ሥር ጉልበቴ ላይ ብቻዋን ትጽፋለች። ባንዲራዋ። ከኋላዋ ባለ ሣሯ፣ ተራዋ ሣር፣ የሚበቅለው። ከዚያ መድኃኒት። የመቂው ጠርሙስ። ላየው አላስፈለገኝም።

የሚወገደው ሣሩ ነው። ፀረ አረም። እኔ ነኝ ለበሽታው ብዬ የሰጠሁት። ሌላኛው ደግሞ ገዳይ ያልኩት፣ የሚገድለው ያቺን ግድግዳ የታጠረባትን፣ ሻጋታን ነው። በሽታውን። ጋሽ ከድር የሸጠው ሁለቱም ልክ ነበር።

ተነስቼ እጄን ታጠብኩ። ደጋግሜ። እዚህ ስጽፍልሽ እንኳ ጉንጬ ይነዳል። ማንበብ ስጀምር መጀመሪያ በትክክል ያነበብኩት ነገር የራሴ ጥፋት ሆነ፣ ያውም በጉልበቴ ላይ።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ለማንም አልነገርኩም። ቅዳሜ ልነግር ነበር፣ አባባ ራሱን አመመው። እሁድ ልነግር ነበር፣ እሁድ ነው።

ገመቹ ደወለ። ጃርሱማ፣ ሽምግልና፣ ተቀምጧል፤ ሽማግሌዎቹ የፊታችን እሁድ እነሱ ግቢ ያለው ዛፍ ሥር ይሰበሰባሉ። ጠርሙሶቹን ጠብቆ አስቀምጧቸዋል። እኔ መጥቼ በሁሉም ፊት እንዳነብ ይፈልጋሉ። ከቃሌ አይወጡም አለ። ድምፁ ከስቷል። በዓመት አንዴ ነው ከመሬቱ የሚያገኘው፣ ይህን እኔ አውቃለሁ።

ሥራ አለብኝ አልኩት። እሁድ ነው አለኝ በየዋህነት። ኧረ ለካ አልኩ። ውሸት እንኳ አልሆንልኝ አለ፣ በራሴ አፈርኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 26፤ ከምሳ በኋላ

የማላውቀው ቁጥር። ጋሽ ከድር።

ይጮህብኛል ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አደረግሁ። አልጮኸም። እንደምን አለሽ፣ አባትሽ እንዴት ናቸው፣ ፋብሪካው እንዴት ነው። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። ሰው ሱቁን አልፎት እንደሚሄድ ነገረኝ፤ ትናንት አንድ የድሮ ደንበኛው ቆሞ ሰላም ብሎት ከጎን ያለው ሱቅ ገባ። ገመቹን አይጠላውም። ምናልባት አዲስ አበባ ያከፋፈሉት ሰዎች አታለውት ይሆናል፣ ሌሊቱን ይህን ሲያስብ ያድራል። ከዚያ ያላሰብኩትን አለ።

"ልጄ፣ እኔም እኮ አላነበውም። አንቺ መድኃኒት ይላል ካልሽ፣ ይላል። ቆሜ ገመቹን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።"

እሺ ጋሼ አልኩት። እሺ ብቻ።

አንቺ የማታውቂኝን እኔን ልንገርሽ። ስልኩን ይዤ ቆሜ ማሰብ የጀመርኩት ስለ ጋሽ ከድር አልነበረም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የቀረው ብዬ ነው። አንዴ ጠርሙሱን አንስቼ ያንኑ ብደግመው፣ ሽማግሌው አምኖ፣ እሱ አምኖ፣ ነገሩ ይዘጋል፤ እኔም አንባቢ እንደሆንኩ እኖራለሁ። እንዴት እንደምለው፣ ምን ዓይነት ፊት እንደማሳይ ሁሉ አሰብኩ። ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ።

ማዳም ሊን ምግብሽ በረደ አለችኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

አባባ ኮቱን በረንዳው ላይ ሰቅሎ ይቦርሻል። እሱም ሊመጣ ነው። የደራውን የድሮ ኮት፣ ለተማሪዎቹ ምርቃት የሚለብሰውን። ካርዶቹንም ያዢ አለኝ፤ ሽማግሌዎቹ ከተጠራጠሩ እየበወዘ ሊጠይቀኝ። አባባ ልንገርህ አልኩ። ቀና አለ። ቁልፉ ሊወልቅ ነው አልኩት። መርፌና ክር አመጣሁ።

ሰፋሁለት። ጥሩ አድርጌ።

እሁድ፣ የካቲት 30፤ ረፋድ፣ መቂ

ሞጆ ላይ ሚኒባሱ ሰው ሲሞላ ነገርኩት። መስኮቱን እያየሁ፣ ከካሜራው ጀምሬ፣ በሩን፣ ባንዲራዋን፣ ጠርሙሱን፣ የጋሽ ከድርን ስልክ። አንዴም አላቋረጠኝም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አላደረገውም። ስንነሳ ብቻ ጠየቀኝ፤ አሁንስ ታነቢያለሽ? እነዚህን አዎ አልኩት። መቂ ደረስን። ኮቱን አስተካክሎ፣ ቀድሞኝ ወረደ። የሰፋሁለትን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ሲነካካ አየሁት።

ግቢው ሞልቷል። እትዬ ሕፃኑን ታቅፋ ፈገግ አለችልኝ። ከአጥሩ ባሻገር የቲማቲሙ መደዳ ይታያል፣ ደርቆ፣ እንጨቱ ብቻ ቆሞ። ጋሽ ከድር ነጭ ኮፍያውን አድርጎ አግዳሚው ጫፍ ላይ ብቻውን ተቀምጧል፤ አጠገቡ ሁለት ሰው የሚበቃ ቦታ አለ፣ ማንም አልተቀመጠበትም። አባባ ሄዶ እዚያ ተቀመጠ። ጋሽ ከድር ደነገጠ። ሰላም ተባባሉ።

ሁለቱ ጠርሙሶች ከአግዳሚው ፊት በርጩማ ላይ ናቸው። ገመቹ የረጨውን በቀኝ አድርጎ አስቀምጦታል፣ እንዳልቸገር ብሎ፣ በዓይኑም ጠቆመኝ። ጸሎት ተደረገ፤ በእኛም በእነ ጋሽ ከድርም። ሁሉም ዓይኑን ሲጨፍን እኔ ገለጥኩ። አባባም ገልጧል። ቀስ ብሎ እጁን ዘርግቶ ጠርሙሶቹን እንደ ካርዶቹ አቀያየራቸው፤ የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ። ጽሑፋቸውን ወደኔ አደረገው። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።

ወንበሬ ጥግ ላይ ነው፣ ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፍልሽ። ትልቁ ሽማግሌ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ እያወጋ ነው፤ ጋሽ ከድር መሃል ገብቶ ሊነሳ፣ ይቅርታውን አስቀድሞ ሊል ፈለገ፣ መጀመሪያ ልጅቷ ታንብብ ብለው አስቀመጡት።

ከማንበቤ በፊት ያን እሁድ እናገራለሁ። እንዳላነበብኩ። ገመቹን እያየሁ፣ ካርዶቹን ሳላወጣ፣ አባባን ሳላይ። ከዚያ ጋሽ ከድር አጭበርባሪ አይደለም እላለሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ከአጥሩ ውጭ የቆሙትም እንዲሰሙ። ከዚያ ሁለቱንም አነባለሁ፣ አንድ በአንድ።

ስሜን ጠሩት። ልነሳ ነው።